የቆርቆሮ ሥጋ ትዝታና የስፓም ጦርነት፦ የአንድ ቦት የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ ከሰዓት

ሥራው ይሄ ነው። የቆርቆሮ ሥጋ ትዝታ የምናወራበት የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ሲጀመር ቀልድ ነበር። አሁን ከአዲስ አበባ፣ ከኔታንያ፣ ከዱባይና ከሚኒሶታ ሰው ይጽፍበታል። አንዱ የግዳጅ ስንቁን ያስታውሳል፤ አንዷ በመጀመሪያ ደሞዟ ገዝታ የበላችውን። ችግሩ ከእኛ በላይ የሚያወሩ ሌሎች መኖራቸው ነው። “እንኳን ደስ አለዎት፣ የዲቪ ዕድለኛ ሆነዋል።” “ብርዎን በአንድ ቀን እጥፍ ያድርጉ።” “ስኳርና ደም ግፊትን ከሥሩ የሚነቅል ቅጠል።” አንድ ሰው ስለ ኮቾሮ ሲጽፍ ከሥሩ ይሄ ሁሉ ይግተለተላል። ስፓም የሚባለው እንዲህ ያለው ያልተጠራ መልእክት ነው።

እስካሁን የተጠቀምነው ዝግጁ ቦት ነው፤ ግሩፑን በራሱ የሚጠብቅ ፕሮግራም ማለት ነው። የታገዱ ቃላት ዝርዝር ይሰጠዋል። ቃሉን ካየ መልእክቱን ያጠፋል፣ አበቃ። ሰሞኑን የሻምበልን መልእክት ዋጠው። ሻምበል ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣሉ። የጻፉት በደርግ ጊዜ ደሞዛቸው ስንት ብር እንደነበረና ስንቅ በነፃ ሲታደላቸው ምን ምን እንደነበረበት ነው። “ብር” አለ። “በነፃ” አለ። በቃ፣ ሄደ።

ደወሉልኝ። “ልጄ፣ ማነው ያስወጣኝ?”

“ጋሼ፣ ማሽኑ ነው።”

“ማሽኑ ደግሞ ማንን ያውቃል?”

የቃላት ዝርዝር ማንንም አያውቅም፤ እሳቸው ልክ ናቸው። ስለዚህ የራሳችንን ቦት ልሠራ ተነሳሁ። እዚህ የምጽፈው ሥራው እንዴት እንደሄደ ነው። ኮድ የማታውቁም አትሽሹ፤ ግማሹ ወሬ የምግብ ነው።

ቅዳሜ ማታ

ቦቱን መክፈት ቀላል ነው። ቴሌግራም ላይ ቦት ፋዘር የሚባለው ጋ ሄደህ ስም ታወጣለታለህ፣ እሱ ቁልፍ ይሰጥሃል። ቁልፉን ለማንም አታሳይም። ቦቱን ግሩፑ ውስጥ አስገብተህ አድሚን ታደርገዋለህ። ይሄ ግድ ነው። ተራ አባል ሆኖ ከገባ በአብዛኛው የሚያየው ለራሱ የተላከ ትእዛዝ ብቻ ነው። አድሚን ሲሆን ሁሉን ያነባል፣ ማጥፋትም ይችላል። የቀረውን ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ እጽፋለሁ።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው ምሳሌ ነው። የኮምፒውተሩ ቴሌግራም የግሩፑን ያለፈ ወሬ በሙሉ በፋይል አውጥቶ ይሰጣል። እሱን ሁለት ቦታ መክፈል አለብኝ፤ ስፓሙን ለብቻ፣ የሰው ወሬውን ለብቻ። የሙያው ሰዎች ስፓም ላልሆነው “ሃም” ይሉታል፤ እሱም ሥጋ ነው። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከአንድ ቀልድ ነው። የእንግሊዝ ኮሜዲያኖች እ.ኤ.አ. በ1970 በቴሌቪዥን ያሳዩት ጨዋታ ላይ አንድ ካፌ አለ፤ ምግቡ ሁሉ ስፓም የሚባል የቆርቆሮ ሥጋ አለበት። እዚያው የተቀመጡ ሰዎች የሥጋውን ስም እየደጋገሙ ይዘፍናሉ፤ ሌላ ወሬ አያሰሙም። የኢንተርኔት ሰዎች ስሙን ከዚያ ወስደው ለሚያደነቁራቸው መልእክት ሰጡት።

መለየቱ ምስር እንደ መልቀም ነው። ዓይን ይፈልጋል እንጂ ጭንቅላት አይፈልግም። ቢያንስ ሲጀመር እንደዚያ ይመስላል።

እሑድ

ዛሬ ብዙ አልሠራሁም። አነበብኩ።

ስፓሙን ለመለየት ሦስት ቃል ማንበብ ይበቃል። የሰው ወሬ ላይ ግን ጣቴ ቆመ። የሻምበልን የድሮ መልእክቶች አገኘኋቸው። የመልጌ ወንዶ ፋብሪካ ያሸገውን ሥጋ ነው የሚያወሩት። ቆርቆሮውን በሳንጃ ጫፍ በስተው እሳቱ ዳር ያስቀምጡታል። ሳይበሱ ማሞቅ አደጋ ነው፤ ይፈነዳል። ጮማው ቀልጦ ወደ ላይ ሲወጣ ኮቾሮውን በእጅ ፈርፍረው እዚያው ውስጥ ያርሱታል። ኮቾሮ የማታውቁ ልጆች ካላችሁ፦ የወታደር ደረቅ ብስኩት ነው፤ ጥርስ ያወልቃል። “ከጮማው ጋር ሲርስ ግን የሠርግ ቤት ፍርፍር ይሆናል” ብለው ጽፈዋል። ባዶ ቆርቆሮው አይጣልም። ውሃ ይጠጣበታል፤ ክር ገብቶለት ኩራዝ ይሆናል። ሳንጃውን በተመለከተ ሻምበል ብቻቸውን አይደሉም። ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር ምግብ አሽጎ የማቆየትን ዘዴ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1810 ነው። በቆርቆሮ የማሸግ ፈቃድም እንግሊዝ አገር የወጣው በዚያው ዓመት ነው። የቆርቆሮ መክፈቻ የመጣው ግን ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እስከዚያ ድረስ ወታደሩ በሳንጃ፣ ሌላው በመሮና በመዶሻ ነው የታገለው።

ኔታንያ ያለው ልጅ የሚያወራው ስለ ሉፍ ነው። ሉፍ የእስራኤል ጦር የቆርቆሮ ሥጋ ነው፤ የስፓም ኮሸር ወንድም በሉት፤ ኮሸር ማለት በአይሁድ የምግብ ሥርዓት የተሠራ ነው። ብሔራዊ አገልግሎቱን ሲሠራ ያገኘው ነው። እሱ ይጠላዋል፣ ግን ስለሱ ከመጻፍ አያርፍም። ዛሬ ሉፍ ከሠራዊቱ ስንቅ ወጥቷል፤ ከወጣ ወዲህ ነው ናፍቆቱ የባሰው። ሻምበል መለሱለት፦ አስመራ ላይ ኢንኮዴ የሚባል የእስራኤል ኩባንያ የአገራችንን ከብት አርዶ በኮሸር ሥርዓት አሽጎ ወደ እስራኤል ይልክ ነበር። “የእኛ በሬ ቀድሞህ ነው የገባው” አሉት። ልጁ የሳቅ ምልክት ደርድሮ መለሰላቸው።

አንዱ ደግሞ አባቱ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1951 ኮርያ የገቡት የእኛ ልጆች ከአሜሪካኖች ጋር ስለተሰለፉ የቆርቆሮ ስንቅ ያውቃሉ። ኮርያ ውስጥ ከጦር ሰፈር የሚወጣው ስፓምና ቋሊማ ከኪምቺ ጋር ተቀቅሎ “የጦር ሰፈር ወጥ” ተባለ። ዛሬ ሬስቶራንት ተከፍቶለታል። ስፓም በካርቶን ተሸልሞ ለበዓል ስጦታ የሚሰጥበት አገርም ኮርያ ነው። እኛ አገር ለፋሲካ ቆርቆሮ ይዘህ ዘመድ ቤት ብትሄድ ምን እንደምትባል አስቡት።

ከሁሉ ያቆመኝ ግን የዱባይዋ እህት ጽሑፍ ነው። ቤት ሠራተኛ ሆና ስትገባ ከፊሊፒን ከመጣች ልጅ ጋር አንድ ክፍል ደረሳት። ቋንቋ አይግባቡም። ፊሊፒኗ ኮርንድ ቢፍ በነጭ ሽንኩርትና በድንች ጠብሳ ሩዝ ላይ ታደርገዋለች። የእኛዋ ከእናቷ የተላከ በርበሬ አላት። አንድ ቀን ጨመረችበት። ከዚያ ወዲያ ያለ በርበሬ አልተሠራም። የዕረፍት ቀናቸው ዓርብ ነበር። “ሥጋው የእስላም ነው፣ ቀኑ ዓርብ ነው። ሁለቱንም ለእግዜር ነግሬ በላሁ” ብላ ጽፋለች። ከሥሯ ግማሽ ቀን ክርክር ተነሳ። አንዱ ስለ ሃይማኖት ይገስጻል። አንዱ “ስደት ላይ ማን ይመርጣል” ይላል። አንዲት የደሴ ልጅ ደግሞ “የእስላም ሥጋ ምን ሆነ? ቅመም ነው የጎደለህ” ብላ ሳቅ አስነሳች። ይሄ ክርክር በኋላ ለፈተና ይጠቅመኛል፤ ለብቻ አስቀምጬዋለሁ።

ስፓሙን ራሱን የሚያውቀው የሚኒሶታው ልጅ ነው። ሰውየው ከጋምቤላ የሄደ አኝዋክ ነው። የሚኖረው ኦስቲን ከተማ ነው፤ የአኝዋክ ልጆች በርከት ብለው ያሉባት ከተማ ናት። ስፓምን ሆርሜል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1937 ለገበያ ያወጣው እዚያው ነው። ሙዚየም አለው። አዎ፣ የቆርቆሮ ሥጋ ሙዚየም። ከቆርቆሮው ጀርባ የተጻፈውንም ገልብጦ ልኮልናል፦ የአሳማ ሥጋ፣ ጨው፣ ውሃ፣ የድንች ስታርች፣ ስኳር፣ ሶዲየም ናይትራይት። የመጨረሻው ነው ሥጋው ሮዝ ሆኖ እንዲቆይ የሚያደርገው። አሳማ ነውና ከግሩፑ አብዛኛው ሰው አልቀመሰውም፤ አይቀምሰውምም። የእኛ ናፍቆት የበሬው ቆርቆሮ ነው።

ማክሰኞ

የስፓሙ ክምር ውስጥ ትልቁ ድርሻ የዲቪ ነው። ይሄ አያስገርምም። የስፓም ታሪክ ራሱ ከዲቪ ጋር የተያያዘ ነው።

የመጀመሪያው የሚባለው የጅምላ የማስታወቂያ መልእክት እ.ኤ.አ. በ1978 የተላከ ነው። ጌሪ ቱርክ የተባለ የኮምፒውተር ሻጭ የኢንተርኔት ቀዳሚ በነበረው በአርፓኔት ላይ ለአራት መቶ ሰው ገደማ ላከው። ተቆጡት፣ ግን ኮምፒውተሩን ሸጠ። ነገሩ ወረርሽኝ የሆነው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1994 ነው። ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲገል የተባሉ የፊኒክስ አሪዞና ባልና ሚስት ጠበቆች አንድ ማስታወቂያ በሺዎች በሚቆጠሩ የውይይት ክፍሎች በአንዴ ለጠፉ። የማስታወቂያው ጉዳይ? የግሪን ካርድ ሎተሪ። በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የመጣው ዲቪ ገና መጀመሩ ነበር። እነሱ “ፎርሙን እኛ እንሙላላችሁ” ብለው ክፍያ ይጠይቃሉ። ካንተር እ.ኤ.አ. በ1997 ከቴነሲ የጥብቅና ሥራ ተሰረዘ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ይሄው ማስታወቂያ ነው።

ልብ በሉ፣ ያ ማስታወቂያ ዛሬ ወደ አማርኛ ቢዞር ግሩፓችን ውስጥ ከሚለጠፈው አይለይም። ልዩነቱ የእኛዎቹ “ሞልተን እንላክ” ማለትን ትተው “ደርሶዎታል፣ ማስፈጸሚያ ይላኩ” ማለታቸው ነው። ስለዚህ እግረ መንገዴን ግሩፑ አናት ላይ አንድ ማስታወሻ ሰቀልኩ፦ የአሜሪካ መንግሥት የዲቪ ዕጣ ደረሰህ ብሎ በቴሌግራም፣ በስልክም ሆነ በኢሜይል አይነግርም። ያመለከተ ሰው ሲመዘገብ በተሰጠው ቁጥር ራሱ ገብቶ ነው የሚያየው። ይሄንን ማወቅ ከየትኛውም ቦት ይበልጣል።

ረቡዕ ማታ

ዛሬ የፊደል ቀን ነበር። አማርኛ ለስፓም ላኪ የተመቸ ጽሕፈት ነው። ምክንያቱም እኛ ራሳችን አንድ ቃል በአንድ መልክ አንጽፍም። ግሩፑ ውስጥ “ሥጋ” የሚልም “ስጋ” የሚልም አለ። “ዕድል” እና “እድል”፣ “ኃይል” እና “ሀይል” እና “ሃይል”። ለኮምፒውተሩ እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ አይነት ማድረግ ያስፈልጋል።

ደግነቱ ፊደላችን ኮምፒውተር ውስጥ በሥርዓት ነው የተደረደረው። እያንዳንዱ ቤት ስምንት ቦታ ይዟል፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ ይሄዳል። ሐመሩ ሐ ከሀሌታው ሀ አሥራ ስድስት ቦታ ይርቃል። ከ“ሐ” ላይ አሥራ ስድስት ስትቀንስ “ሀ” ትሆናለች፤ ከ“ሑ” ላይ ስትቀንስ “ሁ”። ለንጉሡ ሠ አሥራ ስድስት ስትጨምር እሳቱ ሰ ይመጣል። ፀሐዩ ፀ ከጸሎቱ ጸ በስምንት ይርቃል። በጥቂት መስመር ኮድ ቤቱ በሙሉ ይገለበጣል። የግዕዝ መምህራን ይቅር ይበሉኝ። የምገለብጠው ቦቱ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሰው የጻፈው እንዳለ ይቆያል።

ከዚያ ነጥቦቹ። አራት ነጥብ በትክክል የሚጽፍ አለ፤ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ደርቦ የሚያስመስልም አለ። ሁሉንም ወደ ባዶ ቦታ ቀየርኳቸው።

የሌቦቹ ዘዴ ደግሞ ሌላ ነው። “ብር” የሚለውን “ብ.ር” ወይም “ብ*ር” ብለው ይጽፉታል። የባሰው “ብር” ብለው በደንብ ጽፈው፣ መሐሉ ላይ ዓይን የማያየው ባዶ ፊደል የሚሸጉጡት ነው። ለእኔና ለእናንተ “ብር” ነው፤ ለማሽኑ ግን አይደለም። የድሮው ቦት ሻምበልን ይዞ እነሱን የሚያሳልፈው በዚህ ነበር። የማይታዩትን ፊደላት መጥረግ አንድ መስመር ኮድ ነው። በቃል መሐል የገቡ ነጥቦችና ኮከቦችም አብረው ተጠረጉ።

ሌላው ጣጣ የአማርኛ ቃል ብቻውን አለመሄዱ ነው። “በቆርቆሮው”፣ “ከቆርቆሮዋ”፣ “የቆርቆሮ” ሁሉም ስለ አንድ ዕቃ ነው። በቃል ብንቆጥር ይበታተናሉ። ስለዚህ ቃሉን ትቼ ሦስት ሦስት ፊደል እየቆረጥኩ ለመቁጠር ወሰንኩ። “በቆርቆሮው” ሲቆረጥ በቆር፣ ቆርቆ፣ ርቆሮ፣ ቆሮው ይሆናል። “ከቆርቆሮዋ” ደግሞ ከቆር፣ ቆርቆ፣ ርቆሮ፣ ቆሮዋ። መሐል ያሉት ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ያ ይበቃዋል።

ሐሙስ

መብራት ጠፋ። የላፕቶፑም ባትሪ አለቀ።

ነገ ዓርብ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ካልተበላ የለም። አንድ ዘመድ ከዱባይ በሻንጣ ያመጣልኝን ኮርንድ ቢፍ አወጣሁ። ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ያለችው ቆርቆሮ ናት። ጎኗ ላይ ቁልፍ ተለጥፏል። ጫፉን ቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ አስገብተህ ስታዞረው ቀጭን የቆርቆሮ ጥብጣብ እየተጠቀለለ ይመጣል። ቀስ በሉ፤ ጠርዙ ምላጭ ነው።

የዱባይዋን እህት በጽሑፍ ጠይቄያት ነበር፤ የመለሰችልኝን እንዳለ አደረግኩ። ከሰል አቀጣጠልኩ። ቀይ ሽንኩርት ያለ ዘይት በደረቁ ቁሌት አስጀመርኩ። ዘይት አያስፈልግም፤ ሥጋው ራሱ ጮማ አለው። ሽንኩርቱ ሲለሰልስ ትንሽ በርበሬ፣ ጠብ ያለ ውሃ፣ ነጭ ሽንኩርት። ሥጋው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ቀድሞ ቆርቆሮው ውስጥ ተቀቅሏል፤ እሳት ከበዛበት ፈርሶ ቅንጬ ይመስላል። እንደገባ አታማስሉት። ከታች ይያዝ፣ ይጠበስ፣ ከዚያ በትልልቁ ይገልበጥ። ጨው እንዳትጨምሩ። ቃሪያ ከላይ።

በእንጀራ በላሁት። እውነቱን ልናገር፦ ጥብስ አይደለም። ጨዉ ይበዛል፤ ከኋላ የሚመጣ የቆርቆሮ ጣዕምም አለው። ግን በርበሬውን ሲጠጣ የራሱ የሆነ ነገር ይሆናል። የተያዘችው የታችኛዋ ቅርፊት ደግሞ ከምንም ትበልጣለች። ፎቶ አንስቼ ለግሩፑ ላክሁ። ሻምበል “ያለ ኮቾሮ?” ብለው ጠየቁ።

ቅዳሜ

ዛሬ ዋናው ሥራ ነው። ቶማስ ቤይዝ የእንግሊዝ ቄስ ነበር። የዕድል ስሌቱ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1763 ነው። የስታንፎርድና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ለኢሜይል ስፓም ተጠቀሙበት። ብዙው ሰው የያዘው ደግሞ ፖል ግራም የተባለ ፕሮግራመር በ2002 ቀለል አድርጎ ከጻፈው ወዲህ ነው።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። “ሽልማ” የምትለዋ ቁራጭ ከመቶ የስፓም መልእክት ሠላሳው ላይ አለች እንበል፤ ከመቶ የሰው መልእክት ግን አንዱ ላይ ብቻ። ያየሃት እንደሆነ ሚዛኑ በሠላሳ እጥፍ ወደ ስፓም ያጋድላል። “ርቆሮ” ደግሞ ተቃራኒውን ታደርጋለች። እያንዳንዷ ቁራጭ ትንሽ ትንሽ ትገፋለች፤ መጨረሻ ላይ የትኛው እንደከበደ ይታያል። ትንንሽ ቁጥሮችን ብዙ ጊዜ ካባዛህ ኮምፒውተሩ ዜሮ ያደርጋቸዋል፤ ስለዚህ በሎጋሪዝም እየደመርክ ትሄዳለህ። ከዚህ በፊት ታይታ ለማታውቅ ቁራጭ ደግሞ ለሁሉም አንድ አንድ ትጨምራለህ፤ አለዚያ አንዲት አዲስ ቃል ስሌቱን ሁሉ ትገድለዋለች።

አሠለጠንኩት። ከዚያ ከፍተኛ ክብደት የያዙትን ቁርጥራጮች አሳየኝ አልኩት። “ቢትኮ” ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ከላይ የተደረደሩት “ዎን” እና “ዎት” የሚል ያለባቸው ናቸው። ስምዎን፣ ስልክዎን፣ ዕድልዎን፣ አለዎት።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ሌባው ማንን እንደሚያናግር አያውቅም። ወንድ ትሁን ሴት፣ ልጅ ትሁን ሽማግሌ አያውቅም። ስለዚህ ሁሉንም አንቱ ይላል። እኛ ግን እንተዋወቃለን። አንተ፣ አንቺ፣ አንቺ ልጅ፣ ስማ እንጂ እንባባላለን። “እንኳን ደስ አለሽ” የሰው ነው። “እንኳን ደስ አለዎት” ግን ከማያውቅህ ሰው የመጣ ነው። ከእንግሊዝኛ የተቀዳ ማጣሪያ ይሄን ሊያየው አይችልም፤ እዚያ ሁሉም በአንድ ቃል ነው የሚጠራው።

ግን አንድ ሰው አለ። ሻምበልን ሁላችንም አንቱ እንላቸዋለን። ለፈተና ያስቀመጥኩት ክምር ውስጥ ኔታንያ ያለው ልጅ የጻፈላቸው “ጤናዎ እንዴት ነው፣ ስልክዎን ቢልኩልኝ እደውላለሁ” የሚል ነበር። ቦቱ ስፓም አለው። አዩት? ጨዋነት ተጠርጣሪ ሆነ።

መፍትሔው የስፓሙን ወገን መንካት አይደለም። የሰው ወገን ምሳሌ ነው ያነሰው። ከድሮው ወሬ ለሻምበል የተጻፈውን ሁሉ ፈልጌ ጨመርኩ። “ጋሼ”፣ “እግዜር ይስጥልኝ”፣ “እንደምን ዋሉ”፣ “ያ ሳንጃ የት ደረሰ”። “ዎን” አሁንም ወደ ስፓም ይገፋል። አጠገቡ “ጋሼ” ሲኖር ግን ይመለሳል። ሌባ ጋሼ አይልም። እስካሁን አላለም።

የዱባይዋን እህት ክርክርም አስገባሁ። ቁጣ አለበት፣ የሃይማኖት ቃል አለበት፣ ቃለ አጋኖ ተደርድሮበታል። የድሮው ቦት ቢሆን ግማሹን ይበላው ነበር። አዲሱ ሁሉንም አሳለፈ። ክርክሩ ሥጋ፣ ሩዝ፣ በርበሬ፣ ቅመም እያለ ነውና የሚካሄደው፣ እኛን እኛን ይሸታል። ስፓም በመሰብሰብ ብቻ ይሄ አይመጣም ነበር። ጉልበቱ ያለው እሑድ ቀኑን ሙሉ ሳነበው የዋልኩት የቆርቆሮ ወሬ ውስጥ ነው።

ሰኞ

ግሩፑ ውስጥ ለቀቅኩት። ማንንም እንዳያጠፋ አድርጌ ነው። የጠረጠረውን “ማቆያ” ብዬ ወደ ሠራሁት የአድሚኖች ክፍል ይወስደዋል። እዚያ ሰው አይቶ ይፈርዳል። ውሳኔው ተመልሶ ቦቱን ያስተምረዋል። አንድ የዲቪ ስፓም ቢያመልጥ ሰው ያየዋል፣ ይስቃል፣ ይጠፋል። የአንድ ሽማግሌ ትዝታ ቢጠፋ ግን ሁለተኛ አይጽፉም።

ከሰዓት ላይ ሌቦቹ አዲስ መንገድ አመጡ። ጽሑፍ የለም፤ ሥዕል ብቻ። ሽልማቱን በፖስተር ሠርተው ይለጥፋሉ። ከሥዕል ላይ ፊደል የሚያነብ ቴሰራክት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ አማርኛም ያውቃል። ሞከርኩት። ነጭ ወረቀት ላይ ያለ ጥቁር ጽሑፍ ሲሆን ደህና ያነባል። የስፓም ፖስተር ግን ቀይ በወርቅማ፣ ብልጭልጭ ነው። ከዚያ ላይ ያወጣው ጽሑፍ ጥንቆላ ይመስል ነበር። ተውኩት። በምትኩ ደረቅ ሕግ አወጣሁ፦ አዲስ የገባ አባል ጥቂት ቃል ሳይጽፍ ሥዕል ወይም ሊንክ ከላከ ወደ ማቆያ። መጀመሪያ ሰላም ይበል።

በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጽፉም አሉ፤ በተለይ ውጭ ያደጉት። እነሱን ለጊዜው ቦቱ አይነካቸውም። ብዙዎቹን በስም አውቃቸዋለሁ።

ሐሙስ ማታ

ማቆያውን ማን ይጠብቅ የሚለው ነገር ቀርቶ ነበር። እኔ ቀን ሥራ ላይ ነኝ። ሻምበል “እኔ እይዘዋለሁ፣ ዘብ መቆም ለምጃለሁ” አሉ። ሄጄ ስልካቸው ላይ አሳየኋቸው። ከእያንዳንዱ መልእክት ሥር ሁለት ቁልፍ አለ፤ “ይግባ” እና “ይውጣ”። መነጽራቸውን አድርገው የመጀመሪያውን ጮክ ብለው አነበቡት፦ “እንኳን ደስ አለዎት፣ ያለ ምንም ልምድ ከቤትዎ ሆነው…”

“ይሄ ሰውዬ ማነው?” አሉ።

“አይታወቅም ጋሼ። ይውጣ የሚለውን ይጫኑ።”

ተጫኑት። ቀጥሎ የመጣው ከአዲስ አባል ነው። ድሬዳዋ ሆኖ ይጽፋል። አያቱ በቆርቆሮ ሥጋ ሳምቡሳ ይሠሩ እንደነበር ይናገራል፤ አሠራሩን የያዘ ሊንክም አለበት። ሊንኩ ስላለ ነው የታገደው። ሻምበል እስከ መጨረሻው አነበቡት። “ይግባ” ተጫኑ። ከዚያ ስልኩን ለእኔ ሰጡኝና “ፊደሉን አተልቅልኝ” አሉ። አተለቅሁላቸው። አሁን ማቆያውን የያዙት እሳቸው ናቸው። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከምሳ በኋላ አንድ ጊዜ ያዩታል። ኮዱን የሚፈልግ ካለ ይጻፍልኝ፤ መጀመሪያ ግን የራሳችሁን ግሩፕ ወሬ ለይታችሁ አዘጋጁ። የእኛ ወሬ ለእናንተ አይሠራም።